ከመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ሰነድ ለማውረድ፣ ለማየትና በትክክል ለማተም የሚረዳ መመሪያ

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቅጽ፣ መመሪያ፣ ማስታወቂያ ወይም ማረጋገጫ ለማውጣት የሚሞክሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሰነዱ ይታየኛል፤ ሳትመው ግን ጠርዙ ይቆረጣል፣ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል፣ ወይም ባዶ ወረቀት ይወጣል። ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል እዚህ አስፍሬዋለሁ።

አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከፕሪንተሩ ሳይሆን፣ ሰነዱ ብራውዘር ውስጥ እንደተከፈተ በቀጥታ እንዲታተም ከመታዘዙ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ መሠረት አንድ ነው፦ በመጀመሪያ ፋይሉን በራስዎ መሣሪያ ላይ ያስቀምጡ፤ ቀጥሎ ካስቀመጡበት ቦታ ከፍተው ይመርምሩት፤ የሚያትሙት ከዚያ በኋላ ነው። ከሦስቱ አንዱን መዝለል ለጊዜው ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን መስመር ላይ ቆመው ተራዎ ሲደርስ ወረቀቱ የማይረባ ሆኖ ቢገኝ እንደገና መመለስ ግድ ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር። ስልክም ያገለግላል፤ የሚሞላ ቅጽ ከሆነ ግን ኮምፒውተር ይመረጣል።
- በቅርቡ የታደሰ ብራውዘር፦ ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ ወይም ሳፋሪ።
- ራሱን የቻለ የፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ለምሳሌ በነፃ የሚገኘው አዶቢ አክሮባት ሪደር። ብራውዘሮች ፒዲኤፍን ራሳቸው ቢከፍቱም አንዳንድ ቅጾችን በትክክል አያሳዩም።
- ሰነዱ በተዘጋጀበት መጠን የተቆረጠ ወረቀትና በቂ ቀለም ያለው ፕሪንተር።
- ድረ ገጹ መግቢያ የሚጠይቅ ከሆነ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃልና የማረጋገጫ ኮድ የሚደርስበት ስልክ። ስልኩ አጠገብዎ ከሌለ ሥራውን አይጀምሩ፤ ኮዱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ያልፍበታል።
- በሌላ ቦታ የሚያትሙ ከሆነ ፍላሽ ዲስክ።

1. ትክክለኛው ድረ ገጽ ላይ መሆንዎን ያረጋግጡ

የመንግሥት አገልግሎት የሚመስሉ፣ ነገር ግን ገንዘብ ወይም የግል መረጃ ለመውሰድ የተሠሩ ገጾች ስላሉ ይህ እርምጃ ከሁሉም ይቀድማል። ከላይ ባለው የአድራሻ ሳጥን ውስጥ፣ «ኤችቲቲፒኤስ» (https) ከሚለው በኋላ ከሚመጡት ሁለት እዝባሮች (//) እስከ ቀጣዩ እዝባር (/) ድረስ ያለውን ክፍል ያንብቡ፤ ብራውዘሩ «ኤችቲቲፒኤስ» የሚለውን ከደበቀው ከሚታየው አድራሻ መነሻ ይጀምሩ። የገጹን ባለቤት የሚነግርዎ የዚህ ክፍል መጨረሻ እንጂ መጀመሪያው አይደለም። በብዙ አገሮች የመንግሥት አድራሻ «ጎቭ» (gov) የሚለውን ምልክት በዚህ መጨረሻ አካባቢ ይይዛል፤ አስመሳይ አድራሻ ደግሞ ያንኑ ቃል መጀመሪያው ወይም መሐሉ ላይ አስገብቶ በሌላ ስም ይጨርሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ በአንዳንድ ብራውዘሮች ከአድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክት በእርስዎና በድረ ገጹ መካከል ያለው ግንኙነት በሌላ ሰው እንደማይነበብ ብቻ ያመለክታል፤ ገጹ የመንግሥት መሆኑን አያረጋግጥም። አስመሳይ ገጽም ይህ ምልክት ሊኖረው ይችላል።

2. ሰነዱን ከዋናው ገጽ ተነስተው ያግኙት

በመፈለጊያ ሞተር ውጤት ላይ የሚመጣ ሊንክ በቀጥታ ወደ ፋይሉ ሲወስድዎ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሊንኩ የሚያመራው ከዓመታት በፊት ወደ ተጫነና በሌላ ወደ ተተካ ፋይል ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤቶች አዲሱን ሲጭኑ አሮጌውን ሁልጊዜ አያጠፉም። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቱ ዋና ገጽ ተነስተው «ቅጾች»፣ «ሕጎችና መመሪያዎች»፣ «ሕትመቶች» ወይም ተመሳሳይ ስም ባለው ክፍል በኩል ይግቡ። እዚያ ከሰነዱ ስም አጠገብ ያለውን ቁጥርና ቀን ይመልከቱ። ቅጽ ከሆነ የተሻሻለበት ቀን ብዙ ጊዜ ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ያ ቀን ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ የያዙት የቆየ ቅጽ ነው።

3. የሰነዱን ዓይነት ይለዩ

የሚቀጥለው እርምጃ በዚህ ይወሰናል። ፒዲኤፍ ከሆነ ወደ እርምጃ 4 ይለፉ። የወርድ ወይም የኤክሴል ፋይል ከሆነ፣ ፋይሉ የተጻፈበት ፊደል ኮምፒውተርዎ ላይ ከሌለ የገጾቹ አሰላለፍ ሊዛባ እንደሚችል ይወቁ፤ በሌላ ቦታ የሚያትሙት ከሆነ በትክክል በሚታይበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ለውጠው ይውሰዱት። ዚፕ (ፋይሎች ተጨምቀው የታሸጉበት ፋይል) ከሆነ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች መጀመሪያ አውጥተው ለብቻቸው ያስቀምጡ፤ ዚፑ ውስጥ እንዳለ ከፍተው የሞሉት ቅጽ ሳይቀመጥ ሊጠፋ ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፋይል የሚባል ነገር የለም፤ ማስታወቂያው የተጻፈው ገጹ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ኮንትሮልና ፒ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው፣ ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር ውስጥ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» የሚለውን ይምረጡ። በማክ ኮምፒውተር በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ ያገለግላል። የገጹን አድራሻና የታተመበትን ቀን ጠርዝ ላይ የሚጽፈውን ምርጫ ለማስታወቂያ ክፍት እንዲተዉት እመክራለሁ፤ ማስታወቂያው በኋላ ከገጹ ላይ ቢነሳ መቼና የት እንዳዩት የሚያሳይ መረጃ በእጅዎ ይቀራል።

4. ፋይሉን ያስቀምጡ

ለሁሉም ክፍት የሆነ ሰነድ ከሆነ ሊንኩን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ሴቭ ሊንክ አዝ» የሚለውን ይምረጡና የሚያውቁት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። የራስዎን አካውንት ከፍተው የሚያገኙት ሰነድ ከሆነ ግን ይህን መንገድ አይጠቀሙ፤ በአንዳንድ ድረ ገጾች የሚቀመጠው ሰነዱ ሳይሆን የመግቢያው ገጽ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰነድ ከፍተው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪመጣ ጠብቀው፣ ከላይ ባለው ወደ ታች በሚያመለክት ቀስት ያውርዱት።

ከድረ ገጹ የሚመጣው የፋይል ስም ብዙውን ጊዜ ትርጉም የሌለው የቁጥርና የፊደል ድርድር ስለሆነ ወዲያውኑ ይቀይሩት። የሰነዱን ዓይነት፣ ቁጥሩንና ያወረዱበትን ቀን የያዘ ስም ከሰጡት ሁለት እትሞችን አያምታቱም።

ማስቀመጥ ለምን አስፈለገ? መግቢያ ያላቸው ድረ ገጾች ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሳይነኩ ከቆዩ ራሳቸው ዘግተው ያስወጣሉ። የፕሪንተሩን ወረቀት ሲያስተካክሉ ጊዜው ካለፈ ሰነዱ ይጠፋል፤ የተቀመጠ ፋይል ግን ኢንተርኔት ቢቋረጥም እንዳለ ነው።

5. ካስቀመጡበት ቦታ ከፍተው ይመርምሩት

ብራውዘሩን ትተው ወደ ፎልደሩ ይሂዱና ፋይሉን በፒዲኤፍ ማንበቢያው ይክፈቱት። ከመክፈትዎ በፊት መጠኑን አይተው ይለፉ፤ ብዙ ገጽ አለው የተባለ ሰነድ ዜሮ ወይም ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ሰነዱ አልወረደም ማለት ነው። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ይክፈቱ። ሰዎች የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይተው ያትማሉ፤ በመሐል የተቋረጠ ሰነድ የሚታወቀው ግን ከመጨረሻው ነው። ፊርማ፣ ማኅተም፣ ኪውአር ኮድ ወይም ባርኮድ ሊኖረው የሚገባ ከሆነም እነዚህ መኖራቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ቅጹን ሲከፍቱ ቅጹ ሳይሆን «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ብቻ ከታየዎ መጠበቅ ትርፍ የለውም። ይህ ጽሑፍ የሚታየው ቅጹ ብዙ ብራውዘሮችና የስልክ ማንበቢያዎች በማያውቁት የፒዲኤፍ ዓይነት ስለተሠራ ነው። ያስቀመጡትን ፋይል ኮምፒውተር ላይ በአክሮባት ሪደር ሲከፍቱት ቅጹ ይመጣል።

6. የሚፈልጉትን ክፍል ይለዩ

ከረጅም ሰነድ ውስጥ የሚያስፈልግዎ ሦስት ገጽ ከሆነ ሁሉንም ማተም የወረቀትና የቀለም ብክነት ነው። ኮንትሮልና ኤፍ ቁልፎችን ተጭነው ቃሉን ይፈልጉ። እዚህ ላይ በአማርኛ ሰነድ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ፦ ኮምፒውተር ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንደ ተለያዩ ፊደላት ይቆጥራል። «አመት» ብለው ቢፈልጉ «ዓመት» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝልዎትም፤ «ስራ» ቢሉ «ሥራ» ይቀራል። ስለዚህ ቃሉ የለም ብለው ከመደምደምዎ በፊት በሌላው አጻጻፍ ይሞክሩ። ደግሞም «በግብር ከፋዩ» ብለው ከሚፈልጉ «ግብር» ብለው ይፈልጉ፤ ቃሉ በሰነዱ ውስጥ በተለያየ ቅጥያ ሊመጣ ስለሚችል፣ አጭሩ ክፍል ብዙ ቦታ ያገኝልዎታል።

ምንም ካልተገኘ ጽሑፉን በማውስ ለመምረጥ ይሞክሩ። ፊደል በፊደል የማይመረጥ ከሆነ ሰነዱ በስካነር የተነሳ ፎቶ ስለሆነ ፍለጋ አይሠራበትም። ተመርጦ ኮፒ ሲደረግ የላቲን ፊደላት ቅልቅል ከሆነ ደግሞ ሰነዱ የተጻፈው ግዕዙን በላቲን ቁልፎች ቦታ ላይ በሚያስቀምጥ በቀድሞ የፊደል ፕሮግራም ነው። በሁለቱም ሁኔታ ቀላሉ አማራጭ ማውጫውን እያዩ ገጹን በእጅ መፈለግ ነው።

የገጽ ቁጥርም ያሳስታል። ሽፋኑና ማውጫው ስለሚቆጠሩ ግርጌው ላይ 12 የተባለው ገጽ በፋይሉ ውስጥ 16ኛው ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ማንበቢያ ሲያትም የሚከተለው የፋይሉን ቁጥር ስለሆነ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን በማንበቢያው ሳጥን ውስጥ የሚታየውን የገጹን ተራ ቁጥር ይያዙ።

7. የሚሞላ ቅጽ ከሆነ ከማተምዎ በፊት ሞልተው ያስቀምጡ

ቅጹ ውስጥ ሲጫኑ ጠቋሚው የሚገባባቸው ሳጥኖች ካሉ በኮምፒውተር መሙላቱ ከእጅ ጽሑፍ ይሻላል፤ ስምና ቁጥር ሳይዛባ ይነበባል። ሞልተው ሲጨርሱ በሌላ ስም ያስቀምጡት፣ ይዝጉት፣ እንደገናም ይክፈቱት። የሞሉት ሁሉ በቦታው ካለ ወደሚቀጥለው እርምጃ ይለፉ። ረጅም መልስ የጻፉበትን ሳጥን በተለይ ይመልከቱ፤ ከሳጥኑ የተረፈው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወደ ታች ተገፍቶ ሊነበብ ቢችልም በወረቀት ላይ አይወጣም።

8. የማተሚያውን ምርጫዎች ያስተካክሉ

ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። ኮንትሮልና ፒን ሲጫኑ የሚከፈተውን ሳጥን ሳያነቡ «ፕሪንት» አይበሉ።

የወረቀት መጠን፦ ኤ4 የሚባለው ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌተር የሚባለው ደግሞ 216 በ279 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኤ4 በቁመቱ ስለሚበልጥ፣ ለኤ4 የተዘጋጀ ገጽ ፕሪንተሩ ሌተር ላይ እንደተዘጋጀ ከታተመ ግርጌው ይቆረጣል። የሚቆረጠውም ብዙውን ጊዜ የፊርማው መስመር ወይም የገጹ ቁጥር ነው። የሰነዱን መጠን በማንበቢያው ውስጥ በፋይሉ መረጃ ክፍል ያዩታል፤ የመረጡት መጠን፣ የሰነዱ መጠንና ትሪው ውስጥ ያለው ወረቀት ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው።

ልኬት፦ «አክቹዋል ሳይዝ» ማለት ሰነዱ በተሠራበት ልክ ይታተም ማለት ሲሆን፣ «ፊት» ማለት ከወረቀቱ ጋር እንዲስማማ ይስፋ ወይም ይጥበብ ማለት ነው። ለማንበብ ብቻ ለሚታተም መመሪያ «ፊት» ምንም ችግር የለበትም፤ ጠርዝ እንዳይቆረጥም ይረዳል። ባርኮድ፣ የፎቶ ሳጥን ወይም በሚሊ ሜትር የተለካ ነገር ላለው ቅጽ ግን «አክቹዋል ሳይዝ» ወይም 100 በመቶ ይምረጡ። እኔ ራሴ አንድ ባለ ሁለት ገጽ ማመልከቻ ቀለም ለመቆጠብ በረቂቅ ጥራትና በ«ፊት» አትሜ ሄጄ፣ በመስኮቱ በኩል ያለችው ሠራተኛ ባርኮዱን በመሣሪያዋ አራት ጊዜ ብታስነብበው አልነበብ አላት። ስክሪኑ ላይ ጥርት ብለው የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ጠበውና ሳስተው እርስ በርስ ተነካክተው ነበር። ያንኑ ፋይል በ100 በመቶና በመደበኛ ጥራት አትሜ ስመለስ በአንዴ ተነበበ።

ሁለት ገጽታ፦ በወረቀቱ ፊትና ጀርባ ማተም ለንባብ ጥሩ ነው፤ ገጹ የቆመ ከሆነ «በረጅሙ ጠርዝ ገልብጥ» የሚለውን ይምረጡ፣ አለበለዚያ ጀርባው ተገልብጦ ይወጣል። ለሚገባ ማመልከቻ ግን የቅጹ መመሪያ ካልፈቀደ በቀር በአንድ ገጽታ ያትሙ፤ ስካን ሲደረግ ጀርባው ሊታለፍ ይችላል።

ቀለም፦ ሰነዱ በጥቁርና ነጭ እንደሚያገለግል ካልተገለጸና ባለ ቀለም ማኅተም ካለው በቀለም ማተሙ ይሻላል። በጥቁርና ነጭ ሲታተም ማኅተሙ ከጽሑፉ ጋር ተዋህዶ ቅጂ ይመስላል።

9. አንድ ገጽ አትመው ካዩ በኋላ ሌላውን ይቀጥሉ

በ«ፔጅስ» ሳጥን ውስጥ ብዙ ነገር ያለበትን አንድ ገጽ ቁጥር ብቻ ጽፈው ያትሙ። አራቱ ጠርዞች ሙሉ መሆናቸውን፣ ፊደሉ መነበቡን፣ ኪውአር ኮድ ካለውም በስልክዎ ካሜራ መከፈቱን ይፈትሹ። ኪውአር ኮዱ ሲከፈት የሚያሳየውን አድራሻ በእርምጃ 1 በተገለጸው መንገድ ማንበብዎን አይርሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ወረቀቱ ቢዘገይ የማተሚያ ትእዛዙን ደጋግመው አይስጡ። ትእዛዞቹ ተራ ይዘው ይጠብቃሉ፤ ፕሪንተሩ ሲነቃ ሁሉንም ያወጣቸዋል። በጋራ ፕሪንተር ላይ ደግሞ የግል መረጃዎ የያዘ ትርፍ ወረቀት ሌላ ሰው እጅ ይገባል።

10. ፋይሉን ያኑሩ፤ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ከሆነ ግን ያጽዱ

በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ሰነድ ከሆነ ዋናው ፋይሉ ነው፤ ፊርማው የሚረጋገጠው በፋይሉ እንጂ በወረቀቱ ላይ አይደለም። ስለዚህ አትመው ስላወጡት አያጥፉት፤ «ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» በሚለው መንገድ እንደገና ካስቀመጡትም አዲሱ ፋይል ፊርማውን ያጣል።

በኢንተርኔት ካፌ፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በሌላ የጋራ ኮምፒውተር ላይ ከሠሩ፦ ከአካውንትዎ ይውጡ፤ ያወረዱትን ፋይል ከማውረጃው ፎልደር ያጥፉ፤ ከዚያም ከቆሻሻ ቅርጫቱ ያጥፉ። «ኢንኮግኒቶ» መስኮት መጠቀም ብቻውን አይበቃም፤ የጎበኟቸውን ገጾች ባይመዘግብም ያወረዱት ፋይል ግን ፎልደሩ ውስጥ ይቀራል።

በስልክ ለሚሠሩ

ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ነገር ግን የስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ማተም ሰነድ ማተም አይደለም፤ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ገጹም ይከፋፈላል። ፋይሉን ወደሚያትምልዎት ሰው በመልእክት መላኪያ ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ዶክዩመንት» ወይም «ፋይል» በሚለው ምርጫ ይላኩት፤ እንደ ፎቶ የተላከ ነገር በመንገድ ላይ ይጨመቅና ጥራቱ ይቀንሳል። ከታተመ በኋላ ሰውየው ፋይሉን እንዲያጠፋልዎት መጠየቅ ነውር የለውም።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ስህተቶችና መፍትሔያቸው

ሊንኩን ሲጫኑ ምንም ካልተከፈተ፣ ብራውዘሩ አዲሱን መስኮት አግዶት ሊሆን ይችላል። በአድራሻው ሳጥን ጫፍ የሚታየውን የእገዳ ምልክት ተጭነው ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ ይፍቀዱ፤ ለሁሉም ድረ ገጽ አይክፈቱት።

ስክሪኑ ላይ ደህና የሆነው ፊደል ወረቀት ላይ ሳጥን ወይም ነጥብ ሲሆን፣ ፕሪንተሩ የሰነዱን ፊደል በራሱ ፊደል ለመተካት ሞክሮ አልቻለም ማለት ነው። በአክሮባት ሪደር የማተሚያ ሳጥን ውስጥ «አድቫንስድ» ተጭነው «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» የሚለውን ይምረጡ። ገጹ እንደ ሥዕል ስለሚላክ ትንሽ ይዘገያል፤ ፊደሉ ግን እንደሚታየው ይወጣል።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ወጥተው ፕሪንተሩ መሐል ላይ ሲቆም፣ በተለይ በስካነር የተነሳ ከባድ ሰነድ ከሆነ፣ የፕሪንተሩ ማህደረ ትውስታ (ሜሞሪ) ሞልቶ ሊሆን ይችላል። አምስት አምስት ወይም አሥር አሥር ገጽ እየከፈሉ ያትሙ።

ፋይሉ «ተበላሽቷል» ካለ እንደገና ያውርዱት፤ በሁለተኛው ጊዜም ካልሆነ በሌላ ብራውዘር ይሞክሩ። በዚህም ካልተሳካ ፋይሉ ድረ ገጹ ላይ ራሱ የተበላሸ ሊሆን ስለሚችል፣ የሰነዱን ስም፣ የገጹን አድራሻ፣ የሞከሩበትን ቀንና የታየዎትን መልእክት ቃል በቃል ጽፈው በድረ ገጹ ላይ በተሰጠው የመገናኛ አድራሻ ለመሥሪያ ቤቱ ይላኩ። «አልከፈት አለኝ» ብቻ ከሚል መልእክት ይልቅ እነዚህን አራቱን የያዘ መልእክት ሠራተኛው የትኛውን ፋይል እንደሚፈትሽ ወዲያው ያሳውቀዋል።